ጉዳዩ፦ ለልጄ መጽሐፍ ስለመጠየቅ

ልጄ ፊርዶስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ በመጣ በሳምንቱ መጽሐፎቿን በሁለት ማዳበሪያ ሞልታ ሱቄ አመጣችና ከባንኮኒው ሥር ጣለቻቸው። “ለቅመም መጠቅለያ ይሁኑ” አለች። የትምህርቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ልብ ወለዶቿም ነበሩበት።

እኔ አቃቂ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ስሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህች ልጅ ማንበብ የለመደችው እዚሁ ባንኮኒ ላይ፣ ከቆራሌው በምገዛው የመጠቅለያ ወረቀት ነው። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ገጽ ታነብና የጎደለውን ራሷ ሞልታ ለደንበኛ ትተርክ ነበር። አሁን ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አላነበበችም። እንዳትቀዳድዳቸው ብከለክላትም፣ ዞር ባልኩ ቁጥር ከገዛ መጽሐፎቿ እየገነጠለች ትጠቀልላለች።

ሰውም አላረፈም። ጎረቤታችን እትዬ አሰጋሽ አንድ ቀን አዝሙድ ሊገዙ መጥተው፣ ፊርዶስ እየጠቀለለችላቸው፣ “አይዞሽ ዙለይኻ፣ ብትወድቅም ባል አታጣም” አሉኝ። አፌ ላይ የመጣውን የዋጥኩት ለዕድሜያቸው ብዬ ነው።

ሞባይል ጠጋኙ ሳዲቅ ነው መላ ያመጣልኝ። ስልኬ ላይ ኤአይ ጫነልኝና “ስለ ልጅሽ ጻፊለት፣ የሚሆናትን መጽሐፍ ይመርጥልሻል” አለኝ።

እኔ ደግሞ የማውቀው ጽሑፍ ማመልከቻ ነው። ለንግድ ፈቃድ፣ ለውሃ ቆጣሪ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ ችግርሽን ካላበዛሽ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

“ጉዳዩ፦ መጽሐፍ እንዲመረጥልኝ ስለመጠየቅ። ልጄ ፈተና የወደቀች፣ ተስፋ የቆረጠችና ከሰው የተገለለች በመሆኗ፣ ችግሯ ታይቶ መጽሐፍ እንዲመረጥላት በትሕትና እጠይቃለሁ።”

የለመንኩትን አገኘሁ። ውድቀትን ስለመቀበል፣ ራስን ስለማጽናናት፣ በትንሽ ስለመርካት አምስት መጽሐፍ ደረደረልኝ። ደስ ብሎኝ ለፊርዶስ አሳየኋት። እሷ ዝርዝሩን ትታ እኔ የጻፍኩትን አነበበች።

“እማ፣ አንቺም?” አለችኝ።

አፈርኩ። እትዬ አሰጋሽን ሳማ ከርሜ፣ ልጄን በእሳቸው አፍ ጻፍኳት። ከዚያ ተናደድኩ። ልጄ የማንም ምጽዋት አያስፈልጋትም! ሚዛኑን ገፋ አድርጌ እንደገና ጻፍኩ፤ ጉዳዩም የለ፣ ትሕትናም የለ፦

“ስማ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከግማሽ ገጽ ተነስታ ሙሉ ታሪክ ትሠራለች። ውሸታምን በሁለት ቃል ትለያለች። ለቅሶ ቤት ሳቋ ይመጣና አፏን በሻርፕ ትይዛለች። ምክር የሚያበዛ መጽሐፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ ትወረውራለች፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም የሚታረቅበትም አይሆናትም። እልኸኛ ሴት ያለችበት፣ የሚያስቅ፣ ሁሉን ነገር የማያብራራ የአማርኛ ልብ ወለድ ምረጥላት። አንድ ብቻ። ለምን እንደመረጥከው ንገረኝ። ካላወቅህ አላውቅም በል። ስለ ፈተና ትንፍሽ እንዳትል!”

ስልኩን ለፊርዶስ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

“የለቅሶውን ለምን ጻፍሽው?” አለችና ሳቀች። ከሦስት ወር በኋላ ሳቀች።

ከዚያ መልሱን አየችና ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ ማዳበሪያውን ገለበጠች። የተመረጠላት መጽሐፍ እዚያው ነበር፤ ከፈተና በኋላ አነበዋለሁ ብላ ገዝታ ሳትከፍተው የቀረችው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች የሉም፤ ቅመም ተጠቅልሎባቸው ሄደዋል። እሷ ምን ገዷት፣ ከሃያ አንደኛው ጀመረች።

በማግስቱ እትዬ አሰጋሽ ኮረሪማ ፈልገው መጡ። ፊርዶስ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረች ናት።

“ልጄ፣ አታስተናግጂኝም?”

ቀና ሳትል፣ “እትዬ አሰጋሽ፣ ያን ቀን አዝሙድ የጠቀለልኩበትን ወረቀት ይመልሱልኝ። የኔ ነው” አለች።

እሳቸው ተገርመው ወደ እኔ ዞሩ። ልጅሽን አትቆጪም ወይ ነው ነገሩ።

“ሰምተዋታል” አልኳቸው። “ወረቀቱ ካልመጣ ኮረሪማ የለም።”