የሐሙስ ወንበር

የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ እዚሁ ይድረቅ። መቼም ሬዲዮ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰፈር አያምነኝም። ቢሆንም ስሙኝ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የሟቹ ሚስት ክንዴን ጨምድዳ ወደ ማድ ቤት ጎተተችኝና በሩን ዘጋችው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ሁሉም የተቀመጠው እኔና ባሏ በጠገንናቸው ወንበሮች ላይ ነው። ባሏን ሙጫው ነበር የምንለው። ሃያ ዓመት ከእንጨት ሙጫ ጋር ስለኖረ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከተቀመጠ የሚያስነሳው ስላልነበረም ነው። ወንበር ጠግኖ ሲጨርስ ራሱ ይቀመጥበትና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስለው፣ «ይሸከም እንደሆነ እያየሁ» ይለኛል።

«ያቺ ሴትዮ ማናት?» አለችኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«አታድርቀኝ፣ ሬዲዮ። የሐሙሷ ናታ። አንተ ራስህ አይደለህ የነገርከኝ?»

አዎ፣ እኔ ነኝ የነገርኳት። ሙጫው ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መላጊያውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ይወጣል። የት እንደሚሄድ ሰባት ዓመት ሙሉ ብጠይቀው «አንዲት እናት ጋ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ታዲያ ባለፈው ረቡዕ ሚስቱን መንገድ ላይ አገኘኋትና እንደ ልማዴ ለመሳቅ ያህል፣ «ባልሽ ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዝ የሚቀይረው ለማን ነው? ሽቶዋ እኮ እኛም ዘንድ ደረሰ» አልኳት። ሽቶ የሚባል ነገር አልነበረም። እሷም ስቃ ያለፈችኝ መስሎኝ ነበር።

«ሐሙስ ጠዋት ጠየቅሁት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝም አለኝ። ዝም ሲለኝ ጊዜ፣ ሂድ፣ እዚያው ቅር አልኩት። ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።»

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሸሚዙን ሳይቀይር፣ የአንድ ወንበር እግር በሞርሳ እያጠበቀ ሳለ ደረቱን ይዞ አጠገቤ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

«ሂድና አጣራልኝ» አለች። «ውሽማው ከሆነች እረግመዋለሁ፣ ይወጣልኛል። ካልሆነች ግን…» አልጨረሰችውም። «አንተ እንደሆንክ ከድንጋይም ወሬ ታወጣለህ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እሺ እህቴ» ብዬ ወጣሁ። በሳሎኑ ሳልፍ አንደኛዋ የሙጫው አክስት ለሌላዋ፣ «ሴትዮዋ ለቅሶ ትመጣ ይሆን?» ስትል፣ «ትምጣና ታየኛለች» ስትላት ሰማሁ።

ሐሙስ የሚሄድበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ አንዴ ሙጫውን ተከትዬ በሩን አይቼዋለሁ። የከፈቱልኝ ሰማንያን ሳይሻገሩ የማይቀሩ አሮጊት ናቸው። የሚሸቱት ሳሙና ነው። ግድግዳው ላይ በነጭ ገዋን ሆነው አራስ ሕፃን የታቀፉበት ፎቶ አለ፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ሦስት ወንበር አየሁ። ሁለቱ ወደ መስኮቱ ዞር ያሉ ናቸው፤ ሰው ዓይን ለዓይን ሳይፋጠጥ እንዲያወራ። ኮፍያዬን ሦስተኛው ላይ ላስቀምጥ ስል፣

«እዚያ አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰው አለው።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። የወንበሩን የኋላ እግር ግን አወቅሁት። የሙጫው እጅ ሥራ ነው።

«እንዲመክሩኝ ነው የመጣሁት» አልኩ ሰበብ ፈልጌ። የጠበቅሁት ተግሣጽ፣ ቢያንስ ቢያንስ አንድ ሁለት ጥቅስ ነበር።

«እኔ አልመክርም። ኑዛዜም አልቀበልም፤ እሱ የቄስ ሥራ ነው። አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።» በአገጫቸው ወደ ባዶው ወንበር ጠቆሙ። «ጉዳይህ እዚያ ከተቀመጠው፣ ከፈጠረህ ጋር ነው። ሳዋልድም እንደዚሁ ነበር፤ ምጡ የእኔ ሆኖ አያውቅም።»

ለወሬ ማውጫ እዚያው አንድ ኃጢአት ፈጠርኩ። «የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰርቄ አልጋዬ ሥር ደብቄያለሁ» አልኩ። «ለስድስት ተሸክመን ነው ያስገባነው። አሁን ማንም ሳይነካው እየጮኸ አላስቀምጥ አለኝ።» ወይ ይስቃሉ ወይ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ውጭ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ሲያልፍ የሰንሰለቱ ድምፅ ይሰማል።

«ሲጮህ ማንን ነው የሚጠራው?» አሉ በመጨረሻ።

ቀልድ ላመጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «የሙጫውን ሚስት» የሚል ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ረቡዕን፣ ሽቶውን፣ ሳይበላ የቀረውን ቁርስ፣ ሞቱን ሁሉ ዘረገፍኩት። መሐረብ ሰጡኝ እንጂ አይዞህ አላሉኝም።

«ስለ እሷ ምን ይልዎት ነበር?» አልኳቸው።

«እሱ የነገረኝ ከእሱ ጋር ሄዷል።»

«ታዲያ ልንገራት?»

«እኔን ትጠይቃለህ?»

ባዶውን ወንበር አየሁት። «ይቅር ባትለኝስ?»

«ላትልህ ትችላለች» አሉ። «ከፈለግህ ሐሙስ ተመለስ።»

ወደ ለቅሶው ቤት ተመለስኩ። አክስቶቹ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ማድ ቤት እንግባ» አልኳት ሚስቱን።

«እዚሁ ተናገር። ሰው ሁሉ ሲያወራው ሰንብቷል፣ ሰው ሁሉ ይስማው።»

«አዋላጅ ናቸው፣ አሮጊት። ነፍሱ ከፈጣሪዋ ጋር ስላለባት ጉዳይ ሲያወራ ቁጭ ብለው ይሰሙት ነበር። ሌላ የለም። ሽቶም አልነበረም። ሽቶውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ለመሳቅ።»

አንደኛዋ አክስት «አንተ ሰውዬ» ብላ ስትነሳ፣ ሚስቱ እጇን አንስታ አስቀመጠቻት።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? እኔም ሄጄበት የነገሩን ስም አላውቀውም።»

ከጎኗ ሙጫው ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ባዶውን ነበር። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝና ተቀመጥኩ።

ምላሴ ሳይደርቅ ላርመው። ይህቺን የመጨረሻዋን ፈጥሬያታለሁ። ወንበሩን አላቀረበችልኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ለቀስተኛ ገባና መቀመጫ ሲያማትር ያንኑ ወንበር ሊስብ እጁን ሰደደ። እሷም ፊቷን ሳትመልስ መዳፏን መደገፊያው ላይ አሳረፈች።

«ሰው አለው» አለችው።