ከመጋረጃው ወዲያ የሚንሾካሸኩት

በገዛ ቤቴ፣ እኔው በሰፋሁት መጋረጃ፣ ከገዛ ልጄ ተጋርጄ ቁጭ አልኩ። ይህን ለማን ይናገሩታል? ለባሌ በስልክ ብነግረው ሳቀብኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። "አንቺ ደግሞ፣ በእህቴ ትቀኛለሽ እንዴ?" አለኝ። "አዎ እቀናለሁ፣ ምን ይጠበስ?" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። መጋረጃ ተሰፍቶ እንዳለቀ ወዲያው ጠርዙ አይታጠፍም። ጨርቅ ሲሰቀል በራሱ ክብደት ይለጠጣልና ቸኩለው ካጠፉት ደንበኛው ቤት ሄዶ ወለል ሲጠርግ ይውላል። ስለዚህ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ በሁለት ረድፍ በዘረጋኋቸው ቧንቧዎች ላይ ሰቅዬ፣ በደንብ ወርዶ እስኪያርፍ እጠብቀዋለሁ። የሥራ ቦታዬ ሁልጊዜ በሰው መጋረጃ እንደተሞላ ነው። በሁለቱ ረድፍ መሃል አንዲት ፍራሽ የምታስዘረጋ ጠባብ ቦታ አለች፤ በጠራራ ፀሐይም ጨለም ትላለች። ቅዳሜ ከሰዓት የባሌ እህትና ልጄ እዚያች ውስጥ ገብተው የሚያስፈራ የልጆች መጽሐፍ ያነባሉ። መንፈሱ፣ ጥላ የሌለው ሰው፣ በራሱ የሚከፈተው በር፣ የሌለበት ነገር የለም።

የባሌ እህት የምትሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የልጆች ክፍል ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ሰው ዝም ስታሰኝ ስለምትውል እኔ በሆዴ "ወይዘሪት እሽሽ" ብዬ አወጣሁላት። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ በቀለለኝ ነበር። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ያላትን ጊዜ ሁሉ ይዛ እኔ ቤት ትመጣለች። ልጄ ደግሞ አሥር ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ ስለማትረጋ ቁንጫ ነው የምንላት። ያቺ ልጅ፣ እኔ ፀጉሯን ልሥራ ስል ከጉልበቴ ሾልካ የምታመልጠኝ፣ ለአክስቷ ሲሆን ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ፍንክች አትልም።

ይህም ይሁን። ከዚያ ደግሞ ወይዘሪት እሽሽ በጨርቁ መሃል አንገቷን ብቅ ታደርግና፣ "እትዬ፣ አስፈሪው ቦታ ላይ ደርሰን ነበር፣ ማሽኑን ለአፍታ ታቆሚልን?" ትለኛለች። እንጀራዬ የሆነውን ማሽን። ጥርሴን ነክሼ አቆማለሁ። ከዚያ ማንም እንደማይነካው ዕቃ ቁጭ ብዬ ሹክሹክታቸውን አዳምጣለሁ። ቃሉ አይለይም። መጀመሪያ ጭጭ ይላሉ፣ ቀጥሎ የልጄ ትንፋሽ እጥር ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ያ ሳቅ አንጀቴን ያሳርረዋል። ልጄን አምጬ የወለድኳት እኔ፣ አብራ የምትስቀው ሌላ ሰው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ወይዘሪት እሽሽ ሌላ ከተማ ወደተከፈተ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተዛውራለች፤ ቤትም አግኝታለች። "እትዬ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁንጫን ልውሰዳት። ሁለቱን ወር እኔ ጋ ትሁን" አለችኝ። ልጄ ቀድማ ሰምታ ኖሮ ዓይኗ ያበራል።

"አንድ ሙሉ መደርደሪያ የመንፈስ መጽሐፍ አለ እኮ፣ እማዬ።"

"አባቷ ይምጣና እንነጋገራለን" አልኩ።

"ወንድሜንማ ጠይቄው፣ እናቷ እሺ ካለች ብሏል።"

ወይ ነዶ። ለካ ሦስቱ ተመካክረው ጨርሰው፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ከሰዓት ወስዳት እንዲህ ከሆነች፣ ሁለት ወር ሙሉ አብራት ከርማ የምትመለሰው ልጅ የማን ልጅ ናት? እቤቴ ገብታ እንደ እንግዳ ልትቀመጥብኝ ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ፣ ቀጥሎ ደግሞ ንድድ አልኩ።

ወይዘሪት እሽሽ የጀመሩትን መጽሐፍ ፍራሹ ላይ ትታው ሄዳለች። ከማን አንሼ? እኔስ ማንበብ መች ያቅተኛል? ልጄ ትምህርት ቤት እንደሄደች መጽሐፉን አነሳሁና ገለበጥኩት። የሥራ ልማድ ነው። የሰው ስፌት ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፤ ፊቱ ያታልላል፣ ቋጠሮውና የተዝረከረከው ክር ያለው ከኋላ ነው። መጽሐፉንም እንደዚያው ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩት።

ታሪኩ የአንድ አስተማሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን በስም ሲጠራ፣ አፉ ሳያስበው የማያውቃትን ልጅ ስም ይጨምራል፤ ከኋላ ካለው ባዶ ወንበር "አቤት" የሚል ድምፅ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተች ተማሪ ሆና ትገኛለች። ማንንም አትጎዳም፤ የምትፈልገው አንድ ሰው እጇን ይዞ ወደ ቤቷ እንዲያደርሳት ብቻ ነው። አስተማሪው ያደርሳታል። ደስ አለኝ፣ ይህማ ምን ያስፈራል ብዬ ከመሃል አንድ ገጽ ገለጥ አደረግኩ። ባዶው ወንበር ማንም ሳይነካው ወለሉን እየፋቀ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሲሄድ ላይ ደረስኩ። መጽሐፉን ከደንኩት። ከዚያ በኋላ በቀትር፣ የደንበኛ መጋረጃ ለመንካት ፈርቼ ሬዲዮ ከፍቼ ዋልኩ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ "ነይ፣ ዛሬ እኔ ላንብብልሽ" አልኳት። ተገርማ አየችኝና መጋረጃዎቹ መሃል ገባች። ድምፄን ልክ እንደ አክስቷ ዝቅ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ መቼም የሰማሁት አንሶኝ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደልኝ። ወንበሩ ጋ ስንደርስ ልጄ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጉልበቷን አቀፈች። አንጀቴን በላችው።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይደለችም። መጨረሻ ላይ አስተማሪው ቤቷ ያደርሳታል።"

ቁንጫ መጽሐፉን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ዘጋችው።

"እማዬ፣ ነገርሽኝ።"

"እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።"

"መፍራት እኮ ነው የምፈልገው። አክስቴ እንደዚህ አታደርግም።"

ይህችን ቃል ባትጨምራት ምን ነበረበት? ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ሂጂ ከአክስትሽ ጋር፤ እዚያው ኑሪላት" አልኳት። "እሄዳለሁ" አለችኝ። ወጥቼ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ እያደናገረኝ አንድ ሙሉ ጎን አጣምሜ ሰፋሁና እንደገና ስተረትረው ቆየሁ። በኋላ ቁንጫ በጨርቁ መሃል አንገቷን ብቅ አደረገች፣ ልክ እንደ አክስቷ።

"መሃሉንስ አንብበሽዋል?"

"አላነበብኩም።"

"ለምን?"

"ፈርቼ ነዋ" አልኩ፣ ንዴቴ ሳይበርድ።

"እውነትሽን ነው? ፈራሽ?"

"ታዲያ ይህ ሬዲዮ ለምን ሲጮህ የዋለ ይመስልሻል?"

ቁንጫ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። አክስቷ አዲስ መጽሐፍ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት የምታያትን አስተያየት አየችኝ። እጄን ይዛ ጎተተችኝና፣ "ነይ ግቢ። እኔ ላንብብልሽ። ከመጀመሪያው" አለችኝ።

እንግዲህ ጉዴን ልናገር። መጨረሻውን እያወቅኩት ፈራሁ። ልጅቷ ቤቷ እንደምትደርስ እያወቅኩ፣ ወንበሩ ወለሉን መፋቅ ሲጀምር ትራሱን አንቄ ያዝኩ። ልጄ ደግሞ ለካ ተንኮሏ ሌላ ነው፤ ዋናው ቦታ ላይ ስትደርስ ንባቧን ታቆምና ፊቴን ታያለች። "ቀጥይ እንጂ" ስላት ጣቷን እየላሰች ገጽ ትገልጣለች፣ ቀስ ብላ፣ ሆን ብላ። ስጮህ መሬት ላይ ተንከባልላ ትስቃለች። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ስሰማው ያሳረረኝ ሳቅ ይኸው ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ ያመጣሁት። በነጋታውም ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። የደንበኞቼ ሥራ ተከመረ። ይከመር አልኩ።

ቅዳሜ ስለ መልሱ ተጨንቄ ስጠብቅ ቁንጫ እንደገና እንጀምረው ብላ ይዛኝ ገባች። የውጭው በር ለደንበኛ ሁሌም ክፍት ነው። አስተማሪው ስም እየጠራ ነው። የመጀመሪያውን ልጅ ጠራ፣ ሁለተኛውን ጠራ፤ ቁንጫ ድምፅዋን አወፍራ የሟቿን ልጅ ስም ስትጠራ፣ ከጀርባዬ፣ ከጨርቁ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ "አቤት" አለ።

ነፍሴ ወጥታ ገባች። የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። መጋረጃ ጨብጬ ስነሳ ቧንቧው ከነሸክሙ በላያችን ወረደ፣ የሁለት ቤት መጋረጃ ቀበረን። ከጨርቁ ስር ስንወጣ ወይዘሪት እሽሽ ከነቦርሳዋ ቆማ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ቁንጫ ሆዷን ይዛ፣ "እማዬ ስትዘል አየሻት? አየሻት?" ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "እንደገና" አለችኝ። እኔን ነው ያለችው።

የአክስቷ ሳቅ ቀስ በቀስ ቆመ።

"የት ደርሳችሁ ነበር?" አለች።

"ጨርሰነው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረን" አለች ልጄ።

"ያለ እኔ?"

ድምፁን አወቅኩት። ስንት ቅዳሜ ማሽኔን አቁሜ በሆዴ የተናገርኩበት ድምፅ ነው። አዘንኩላት ብል ውሸት ነው፤ ቅቤ የጠጣሁ ያህል ደስ አለኝ። ጨርቁን እያጣጠፍኩ ፊቴን ደበቅኩ እንጂ ጥርሴ አልከደን ብሎኝ ነበር።

ወይዘሪት እሽሽ ከቦርሳዋ አዲስ መጽሐፍ አወጣች፤ ልጄ ግን አልዘለለችም። "እረፍቱንስ? ተስማማችሁ?" አለች አክስቷ፣ መጽሐፉን በእጇ እያገላበጠች።

"እማዬ ካልመጣች አልሄድም" አለች ቁንጫ። "አንቺ እኮ አትፈሪም፣ አክስቴ። ሁሉንም አንብበሽዋል። ከማይፈራ ሰው ጋር ብዙም ደስ አይልም።"

ልጅ እንዲህ ነው፤ ቢላዋ መያዙን አያውቅም።

"እኔም እኮ እፈራለሁ" አለች ወይዘሪት እሽሽ።

"ምን ትፈሪያለሽ?"

ጎንበስ ብላ ከወደቀው ጨርቅ አንዱን ጫፍ አነሳችና እኔ ከያዝኩት ጋር ገጠመችው። "ባዶ ቤት" አለች።

ደስታዬ በረደ። ስንት ጊዜ በገዛ ቤቴ ውጭ ቀረሁ ብዬ ስናደድ፣ ይህች ሴት ማታ ወዴት እንደምትሄድ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ብቻዋን በሩን ከፍታ፣ መብራቱን አብርታ፣ ማንም ሳይጠራት ትቀመጣለች። ለዚያውም አሁን በማታውቀው ከተማ።

"አዲሱ ቤትሽ መጋረጃ አለው?" አልኳት።

"የለውም። መስኮቱ ራቁቱን ነው።"

"እንግዲያው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁንጫን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ከነማሽኔ። ለመስኮትሽ ሁሉ መጋረጃ እሰፋለሁ። ስንመለስ ግን አብረን ነው የምንመለሰው።"

በያዘችው ጨርቅ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም እንዳላለቅስ ተቆጥቼ፣ "ቧንቧውን ያዢልኝ፣ ምን ያስቆምሻል" አልኳት። ሦስታችን ሆነን መልሰን ሰቀልነው። ቁንጫ አዲሱን መጽሐፍ ይዛ ቀድማ ፍራሹ ላይ ዘላ ወጣች፤ አክስቷም እንደ ልማዷ ከጎኗ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ክንዷን ያዝኳት።

"መሃል የምቀመጠው እኔ ነኝ" አልኳት።

"እሺ፣ እትዬ" አለችና አሳለፈችኝ።