አልጨረሰችም

ያደግሁት «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» በሚባልበት ቤት ነው። ትልቅ ሰው ሲያወራ አፌን ከፍቼ አላውቅም። በአገሬ ሕንፃና ድልድይ ስነድፍ ይህ ጠባዬ አስመሰገነኝ እንጂ አልጎዳኝም። አለቃዬ ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እስኪለኝ እጠብቅ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ቀርቶም አያውቅም።

እዚህ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። በሰኞው ስብሰባ ሁሉም እየተሻማ ያወራል። በተለይ አጠገቤ የሚቀመጠው መሐንዲስ፣ በሆዴ «ባቡር» ያልኩት፣ አንዴ ከተነሣ ማቆሚያ የለውም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እኔ ተራዬን ስጠብቅ ስብሰባው ያልቃል፣ ወንበር ይገፋል፣ ሰው ይበተናል። የቀድሞው ኃላፊያችን ሰዓቱን እያየ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ይወጣ ነበር።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። በቋሚነት ካልቀጠሩኝ የመኖሪያ ፈቃዳችንም አብሮ ያልቃል፤ የልጆቼ ትምህርት፣ ባሌ ስንት ደጅ ጠንቶ ያገኘው ሥራ፣ ሁሉም ይቀራል። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ ራሴን ያናድደኝ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ቁስሌን ይነካኩ ነበር።

«ዛሬስ ተናገርሽ?»

«አልጠየቁኝም፣ እማማ።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል! ለእኔ መልስ ለመስጠት ሲሆን ግን ማን ብሎሽ!»

አዲሷ ኃላፊ የመጣች ሰኞ ዳር ተቀምጣ ስታየን ቆየች። ከስብሰባው በኋላ ወንበር ስባ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች። ስክሪኔ ላይ የምንነድፈው የትምህርት ቤት ሕንፃ ተከፍቷል።

«ይህን ምሶሶ ለምን ታነሺዋለሽ?»

«ከደረጃው ግርጌ ነው ያለው። ደወል ሲደወል ልጆቹ ግር ብለው ሲወርዱ ይላተሙበታል። ወደ ግድግዳው ወስጄ ከላይ ያለውን አግዳሚ ተሸካሚ ባወፍረው ሕንፃው ይችለዋል። አስልቼዋለሁ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስኪጠይቁኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«እነሱ ደግሞ የምትይው ያለሽ አልመሰላቸውም። ጥፋቱ የስብሰባው ነው፤ እሱን ለእኔ ተዪው።»

በሚቀጥለው ሰኞ ደንብ አወጣች። እያንዳንዱ የነደፈውን ራሱ ያስረዳል፤ እሷ መጨረሻ ላይ ትናገራለች። ተራዬ ሲደርስ ጀመርኩ። ምሶሶው ጋ ስደርስ ባቡር ተነሣ፦ «እሱማ ቀላል ነው፣ እኛ...»

«አልጨረሰችም» አለች ኃላፊዋ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

ባቡር አቆመ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ አፌን ሲጠብቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ባቡር ስሌቱን አገላብጦ አየና «እኔ ልብ አላልኩትም ነበር» አለ። ምሶሶው ተነሣ። በወሩ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። አማቴ ሲሰሙ እልል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «እኔ ነኝ የመከርኳት» እያሉ ለጎረቤት አወሩ።

አሁን ሰኞ ሰኞ ማን ይቻለኝ? ባለፈው ሳምንት ባቡር ስለ ጣሪያው ሲያስረዳ አላስችል አለኝና «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚያ ጋ ተሳስተሃል» ብዬ ገባሁበት።

«አልጨረሰም» አለችኝ ኃላፊዋ።

ሁሉም ሳቀ፤ ባቡርም ሳቀ። አፈርኩ፣ ግን ደስ አለኝ። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ከርሜ፣ ዝም በይ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።