በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ የከረመ እንግዳ

በቤተ ሙከራው ሁሉም «እትዬ ጽዱ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሴል አሳድጋለች። በሳምንት ሁለቴ ትመግባቸዋለች፣ ሲበዙ ወደ አዲስ ጠርሙስ ትከፍላቸዋለች፤ አንድም ቀን አበላሽታ አታውቅም። ከሁሉ አብልጣ የምትኮራው ግን ቫይረስ በማያውቃቸው ሴሎቿ ነው። ቫይረስ ያለባቸው ሴሎች የሚነጻጸሩት ከእነዚህ ጋር ስለሆነ፣ ጠርሙሳቸው ላይ በገዛ እጇ «ንጹሕ» ብላ ጽፋ ታሰምርበታለች።

ፕሮፌሰሩ ስለ ቫይረሱ አንድ ሐሳብ አላቸው። የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን በአንድ ወገን የቫይረሱን ዲኤንኤ፣ በሌላው ወገን የሴሉን ክሮማቲን፣ ማለትም የሴሉ ዲኤንኤ የተጠቀለለበትን ጥቅል፣ ጨምድዶ ይይዛል። ሴሉ ሊከፈል ሲል የራሱን ዲኤንኤ ይገለብጣል፤ የእንግዳውንም አብሮ ይገለብጥለትና ለሁለቱም ልጆቹ ያወርሳል። ጽሑፉ አልቋል፤ ሰኞ ለመጽሔት ይላካል።

ዓርብ ጠዋት የዶክትሬት ተማሪዋ አንድ ሳህን ንጹሕ ሴል ይዛ መጣች። ፕሮቲኑ ያለበትን ቦታ አረንጓዴ የሚያበራውን ቀለም ልታፈስበት ነው።

«እትዬ፣ እነዚህንም ልቅለማቸው?»

«ምን ሊገኝባቸው? ቀለም ማባከን ነው!»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ስንጥር ይገኛል።»

«ከእኔ ገንፎ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ከሰዓት በኋላ ንጹሖቹ ማይክሮስኮፑ ሥር ቦግ ብለው አበሩ። እትዬ ጽዱ ክው አለች። ጥፋቱ የቀለሙ ይሆናል ብላ ከጎረቤት ቤተ ሙከራ ሴል ተውሳ ቀለመች፤ ጨለማ። ቅዳሜ፣ ሥራ በጀመረች በወሩ ከእነዚሁ ሴሎች ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጠችውን ቱቦ አውጥታ ቀለመች፤ አበራ። ከእሷ በፊት የነበረችው ባለሙያ የተወችውንም አወጣች፤ ጨለማ። ቫይረሱ የገባው በእሷ እጅ፣ በመጀመሪያው ወር ነው፤ ወደ ጠርሙሱ ለመግባት አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች።

«ፍሪዘሩ ውስጥ ሣጥን ተቀያይሮ ነው ብንልስ?» አለች ተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማን ያውቃል?»

እትዬ ጽዱ ቱቦውን አገላብጣ አየችው። «ንጹሕ» የሚለው ጽሕፈት የራሷ ነው፤ ያኔም ተሰምሮበታል።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ለፕሮፌሰሩ ሁሉንም ቆማ ነገረቻቸው። እንደሚያባርሯት አልተጠራጠረችም። እሳቸው ግን፣

«ሴሎቹ እስካሁን ስንት ጊዜ ለሁለት ተከፍለዋል?» አሉ።

ደብተሯን ገልጣ አሰላች። «ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ።»

«እንግዳውም አልጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«በይ እንግዲህ፣ ጽሑፌን ገደልሽው፤ ሐሳቤን ግን እንዳንቺ ያረጋገጠልኝ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ገና ድሮ ሻጋታ አስገብቶ ይደፋቸው ነበር። በአዲሱ ጽሑፍ ስምሽ ከእኔ ይቀድማል።»

አሥራ አንድ ዓመት በንጽሕናዋ፣ ስሟ ከጽሑፎቹ መጨረሻ የምስጋና መስመር አልፎ አያውቅም።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ጨርቅ አልኮል ውስጥ ነክራ ከጠርሙሱ ላይ «ንጹሕ» የሚለውን ፈግፍጋ አጠፋች። በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ብዕሯን እንደያዘች ቆመች። ቀኑ ግን የመመገቢያቸው ነው። ጓንቷን ቀየረች፤ እጇን እስከ ክርኗ በአልኮል አሸች፤ ከዚያም አንዳች ቆሻሻ እንዳይገባባቸው ትንፋሿን ውጣ መገበቻቸው።