ከመደርደሪያው ጀርባ

ፍርድ ቤቱ እንደሚለው፣ አያቴ የአንድ ባለጉዳይን የክስ መዝገብ ሆን ብለው ሰወሩ። እኛ ቤት እንደሚባለው ደግሞ መዝገቡ በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል ሾልኮ ወደቀ፤ ያንን መደርደሪያ ነቅሎ ያየ ግን የለም። አያቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በዚሁ ነገር ከሥራ ተባረሩ፤ አንገታቸውን እንደደፉ አረፉ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያረጀው የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ሊታደስ ሆነ። እኔ በመሐንዲስነት ተመደብኩ፤ የእንጨቱን ሥራ የያዘው አናጢ አጎቴ ነው። ሬጅስትራሩ ታሪኩን ሲሰሙ፣ መዝገቡ ወድቆ ከተገኘ የአያቴን ስም የሚያጠራ ደብዳቤ እንደሚጽፉ ቃል ገቡ። ሴት አያቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ ደብዳቤው የሚሰቀልበትን ሚስማር ሳሎን ግድግዳ ላይ አስመትተው ይጠብቃሉ።

መዝገብ ቤቱ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጣሪያው ግማሹ ተነስቷል፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዋኛል። መዝገቦቹ ከወጡ ወር ቢያልፋቸውም ባዶዎቹ ሳንቃዎች ያንሾካሹካሉ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተኝተው በሕልማቸው የሚከራከሩ ይመስላል።

አጎቴ የሚስማር መንቀያውን እያስገባ፣ «ዲግሪህን እዚያ አስቀምጥና በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለኝ።

መደርደሪያው እንደሚያዛጋ ሰው ረጅም ድምፅ አውጥቶ ተላቀቀ።

ወለሉ ላይ ከደረቀ ቅጠል በቀር ምንም የለም። መዝገቡ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ ከሳንቃው ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የክሩ ቋጠሮ ድርብ ነው፤ ወደ ግራ ያጋደለ። አጎቴ ጫማ ማሰር ከአባቱ ከአያቴ የተማረው በዚያ ቋጠሮ ነው። ሁለታችንም አጎንብሰን ጫማውን አየን።

የወደቀ ነገር ሚስማር ላይ አይንጠለጠልም። ግን መንቀያው በእጁ ነው። ሚስማሩን ስቦ፣ ጨርቁን ኪሱ ከትቶ፣ መዝገቡን ወለሉ ላይ ጣል ቢያደርገው ማን ያያል? የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የልጅ ልጃቸው ነኝ።

ለምን ደበቁት ብዬ ጠየቅሁት። አባቱ አንድም ቀን ትንፍሽ እንዳላሉ፣ ሰው ለማዳን ይሁን ሰው ለመጉዳት እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ። ብርሃኑ ከአንዱ ሳንቃ ወደ ሌላው ተሻገረ።

«ባለጉዳዩም እኮ ቤት አለው» አለ በመጨረሻ። «እዚያም ስለ መዝገቡ ሠላሳ ዓመት ሲባል የኖረ ነገር ይኖራል።»

መንቀያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ሂድ፣ ሬጅስትራሩን ጥራቸው። እንደተንጠለጠለ ይዩት። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።»