አሚን የጠፋበት ዱዓ

«አፉ አልልም!» አለች ሁሪያ በሩ ላይ እንደቆመች። «የሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ካፌ አይወጣም።»

የለቅሶ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከግራና ከተማ በላይ ባለችው በዚህች መንደር ሬሳ ሲሸኝ «ሐቅ ያላችሁበት አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት» ይባላል፤ ሰዉም «አፉ ብለናል» ይላል። ለአብዱልሐሊም ግን ግማሹ ሰው አቀርቅሮ ዝም አለ። ባሏ የጎረቤት ሐቅ ተሸክሞ መቀበሩ መሪማን ከሞቱ በላይ አንገበገባት። ለተዝያ፣ ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ እየለመነች አፉ አስባለች። የቀረቻት ሁሪያ ናት።

«ወላሂ እሱ ከኩባንያው ሰዎች አንድ ነገር አልበላም» አለች መሪማ።

«ካልበላ ምንጫችንን ለምን ሸጠው?»

ሸጦት ቢሆንማ ቤቱ ይሄኔ ቆርቆሮ በለበሰ! የድንጋይ ኩባንያው ሰዎች ተራራውን ሊጠይቁ የመጡ ለት አብዱልሐሊም የመንደሩ ቅሬ ዳኛ ነበር፤ የተጣላ አስታራቂ፣ የሞተ አስቀባሪ። «ምንጩ ቢጎዳ ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ እናወጣላችኋለን» አሉ ሰዎቹ። «ይጻፍልና!» ያለችው ሁሪያ ብቻ ነበረች።

«ተይ አንቺ!» ብሎ አብዱልሐሊም ተቆጣት። «ከገበታችን በልቶ፣ ለዱዓችን አሚን ያለን እንግዳ ፈርም ይባላል እንዴ?» በቃላቸው ተማምኖ እጁን ዘርግቶ መረቀ። እንግዶቹም ከማንም በላይ ጮክ ብለው አሚን አሉ።

የድንጋይ ካባው ተከፍቶ በፈንጂ መናድ ሲጀምር ምንጩ ደረቀ። ጉድጓዱ ይኸው እስከዛሬ አልተቆፈረም። ኩባንያው የትምህርት ቤቱን ግንብ ቀለም ቀብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማኅበራዊ ኃላፊነቴን ተወጣሁ ብሎ ዐረፈ። ወይ ኃላፊነት! ሴቱ ጀሪካን አዝሎ ቁልቁል ወንዝ ይወርዳል። አብዱልሐሊም ለዱዓ እጁን ሲያነሳ አሚን የሚለው ጠፋ። ዳኝነቱንም ተወው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ መሪማ የት ነው ስትለው «መርሳ ከተማ ጉዳይ አለኝ» ነው መልሱ።

ይኼን ጊዜ ዓሪፍ ለቅሶ ቤቱ ገባ፤ የመርሳ ልጅ፣ የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ። ሾፌሩ የታሸገ ውሃ ተሸክሞ ተከተለው።

«ሶብሩን ይስጥዎ፣ እትዬ መሪማ» አለ ቁጭ ብሎ። «እኛም አባት ነው ያጣነው። እሳቸው ከጥበቃዎቹ ጋር እኮ ቤተሰብ ሆነው ነበር።»

«ከየትኞቹ ጥበቃዎች?»

«ከካባው በር ጥበቃዎች ነዋ። በየማለዳው መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። ‹ወይ ውሃውን ስጡኝ፣ ወይ ዱዓዬን መልሱልኝ› ይላሉ። በጀት አልተያዘም ብንላቸው ወይ ፍንክች! ያን ሰሞን እንኳ ዝናብ እየደበደባቸው...» የሰዉን ፊት አይቶ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«መርሳ ነው የሚለኝ» አለች መሪማ። «ያ የገደለው ሳል ይዞት ሲገባ እንኳ መርሳ ብርድ መታኝ አለኝ።»

ውሃውን የነካ ሰው የለም። ዓሪፍም ተነስቶ ሹልክ አለ።

«ምነው ለኛ ሳይነግረን?» አለች ሁሪያ።

«ምን ብሎ ይንገርሽ?» አለች መሪማ። «ሰላምታውንስ ትመልሽለት ነበር?»

ሁሪያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ ግን አልቆም አላት።

«አፉ ብዬዋለሁ» አለች። «በዱንያም በአኺራም አፉ ብዬዋለሁ። እኔንስ አሁን ማን አፉ ይበለኝ?»

አፉ የሚላት እሱ ነበር፣ እሱ ደግሞ የለም። መሪማ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።