ሞተሩን ያስነሳችው እህት

እህትየው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ አናጢ ነው። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የሸራ ጀልባቸው ግቢ ውስጥ ተገልብጣ ዓመታት አለፉ። በዚህ በጋ ግን እህትየው፣ «ና፣ እንጠግናት» ብላ ጠራችው።

እሱ የበሰበሰውን የወለል ሳንቃ እየነቀለ በአዲስ ተካ። እሷ የተቀደደውን ሸራ እንደ ቁስል ተጠንቅቃ ሰፋችው። ሥራው ሰምሮላቸው ነበር፤ የተጣሉት እሱ አነስተኛ ሞተር ይዞ የመጣ ቀን ነው።

«የአባዬ ጀልባ ጭስ አትተፋም!» አለች።

«እትዬ፣ መቅዘፍ የሚችል ትከሻ አንቺም የለሽ፣ እኔም የለኝ።»

«ከገጠምከው እኔ አልሳፈርም።»

ገጠመው። እሷም እያጉረመረመች ተሳፈረች።

ሸራውን ዘርግተው ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ነፋሱ ጠፋ። ሸራው እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠለጠለ። ወንድምየው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እስክትለምኚኝ።»

«እንግዲያ ጠብቅ!»

ውሃው የጀልባዋን ጎን ቀስ እያለ ይመታል። ቆይታ፣ «አባዬ ነፋስ እምቢ ሲላቸው ምን ያደርጉ ነበር?» አለችው።

«ይሰድቡት ነበራ!»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሳቋ ሲበርድላት ዞረችና የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ራሷ ሳበችው።

«አንዲት ቃል እንዳትናገር» አለችው።

እሱ ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ መሪውን ወደ ቤት አቅጣጫ ሲያዞር ክንዱን ያዘችው።

«ምን ያስቸኩልሃል? ወደ ማዶ ውሰደን።»